ቲማቲሙ በሰበሰ፣ እኛ ግን ፈተናውን አለፍን

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ መምህርነት ሙያ ክቡርነት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም፣ ስለ መኝታ ክፍል ንጽሕና ብዙ ተጽፏል። ስለ ቲማቲም ግን እስካሁን የጻፈ ያለ አይመስለንም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቲማቲም፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ድንችና ስለ ጎመን ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ቆሞ ማንበብ እንደሚያደክም እኛም እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ላይ፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ በደባልነት የምናበስል አምስት ሠልጣኞች ገንዘብ አዋጥተን ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ያን ቀን ቲማቲም ዋጋው ወድቆ ወድቆ የሚያነሳው ጠፍቶ ነበር። እኛም «እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል!» ብለን አንድ ሙሉ ሣጥን ገዛን። ድንችም፣ ቀይ ሽንኩርትም፣ ሁለት እስር ጎመንም፣ ሁለት ኪሎ ሙዝም ጨመርንበት። ክፍላችን ስንደርስ ቲማቲሙን በደንብ አጠብነው፤ ንጽሕና መጠበቅ አይደል? ከዚያም እርጥቡን በፌስታል በፌስታል ቋጥረን አልጋ ሥር አስገባነው። ሙዙንና ጎመኑን እዚያው ላዩ ላይ ደረብን። ድንቹንና ሽንኩርቱን በአንድ ጆንያ አድርገን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ አፉን ከፍተን አቆምነው። ለሁለት ሳምንት ከገበያ የተገላገልን መስሎን ነበር።

ረቡዕ ማታ ክፍሉ ሸተተ። ሐሙስ ጠዋት ከሣጥኑ ቲማቲም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ተሸክመን ቆሻሻ መጣያው ድረስ ወሰድን። ጎመኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንኩርቱ ረጥቧል። ድንቹም ከላይ ያለው ወደ አረንጓዴ መለወጥ ጀምሯል።

አርብ ደግሞ ፈተና ነበረን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «አትክልትና ፍራፍሬ ሳይበላሹ የሚቆዩባቸውን ሦስት ዘዴዎች ጥቀስ» ይላል። አምስታችንም፣ ሳንኮራረጅ፣ አንድ ዓይነት መልስ ጻፍን፦ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ፣ በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማድረቅ። አምስታችንም ሙሉ ነጥብ አገኘን።

እንግዲህ ግለ ሂስ ከተባለ ይኸው ነው። ሐሙስ ያፈሰሰ እጅ አርብ ሙሉ ነጥብ ጻፈ። ከዚህ የባሰው ነገር ቆይቶ የገባን ነው፤ ያ ሙሉ ነጥብ ያገኘ መልስ ራሱ በግማሽ ስሕተት ነበር። ለምን እንደሆነ ከታች እንመጣበታለን።

በተከታዩ ቅዳሜ እዚያው ገበያ ሄደን ለሸጡልን እናት አማረርን። «እማማ፣ ያ ቲማቲም እኮ በአምስት ቀኑ በሰበሰ» አልናቸው። እንዴት እንዳስቀመጥነው ጠየቁን፤ ነገርናቸው። «አጥባችሁ? በፌስታል አፍናችሁ?» ብለው ከጎናቸው ካሉት ሴት ጋር ሳቁብን። ቀጥለውም «ልጆቼ፣ እናንተ አስተማሪ ልትሆኑ አይደል እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። «ለምን እንዲህ አርክሰው ሸጡልን ታዲያ?» ስንላቸው «ወደ ቤት መልሼ ምን ላድርገው? ሲመሽ ማን ይሸከመዋል? ነገ የእኔም እንደ እናንተው ነው የሚሆነው» አሉን።

ይህ የኚህ እናት ንግግር ነው ጽሑፉን ያስጀመረን። በመሠረቱ የእኛ ኪሳራ የአንድ ሳምንት ወጥ ነው። የእሳቸው ግን የአንድ በጋ ልፋት ነው። በፎገራ ሜዳም ሆነ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድ ሰሞን ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ማቆየት ያልቻለ ሁሉ በዚያው ሰሞን በተባለው ዋጋ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ቲማቲሙን ዋግና ምች ይመታዋል፣ ምርቱ ይጠፋል፣ ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ያን ጊዜ ያው ገበሬ ራሱ ሸማች ሆኖ ይመጣል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ገምቷል። ይህ እህሉንም ሁሉንም ደምሮ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ከእህል ይልቅ ቶሎ እንደሚጠፋ ለመረዳት ግን ዘገባ አያስፈልግም፤ የእኛን አልጋ ሥር ማየት ይበቃል።

ታዲያ ምን ነበር ያጠፋነው? ወደ መምህራኖቻችን ሄደን ስንጠይቅ፣ መጻሕፍትም ስናገላብጥ አንድ ያልተማርነው፣ ወይም ተምረነው ያልገባን ነገር አገኘን። የተቀጠፈ አትክልት አልሞተም። ይተነፍሳል። አየር ያስገባል፣ ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል፣ ሙቀትና ውኃ ያወጣል። ከሥሩ ስለተለየ ግን የወጣውን የሚተካበት የለውም። ከገበያ በመጣ የጎመን ጆንያ መሐል እጁን ከትቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ይሞቃል። ያ ሙቀት የትንፋሹ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ትንፋሹ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። እንግዲያው ማቆየት ማለት አትክልቱን ሳያፍኑ ትንፋሹን ማዘግየት ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እኛ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነበር። ውኃ የነካውን ቲማቲም በፌስታል ቋጠርነው፤ ትንፋሹ ያወጣው ውኃ ተጨመረበት፤ ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይመጣል? የተሰነጠቀውንና የተላጠውን ከጤነኛው አልለየንም፤ አንዱ ሲፈስ የጎረቤቱን ይዞ ሄደ። ድንች ጥቂት እርጥበት ያለው ቀዝቃዛ ጨለማ ይፈልጋል፣ ሽንኩርት ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ቦታ፤ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ማሠር ጠበኛ ደባሎችን በአንድ አልጋ እንደማስተኛት ነው። (የክፍል ደባሎቻችን ይህን ምሳሌ ወደ ራሳችሁ አትውሰዱት።) ድንቹ ብርሃን ስላገኘ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ያጠራቅማል፣ ይመራል፣ ሆድ ያማል፤ ስለዚህ የተበላሸ አይመስልም ተብሎ መበላት የለበትም።

የሙዙ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሙዝ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶም እንዲሁ። ይህ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ፍሬ ያበስላል፣ ቅጠሉን ያቢጫል። ታሪኩም ደስ ይላል። ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተማራማሪ በ1901 (እ.ኤ.አ.) ቤተ ሙከራው ውስጥ ያበቀለው የአተር ቡቃያ እየተጣመመ ቢያስቸግረው ምክንያቱን ሲፈልግ በመብራት ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ሆኖ አገኘው። ፍሬው ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚያወጣ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጠው ደግሞ ሪቻርድ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሆኖም ጥሬ አቮካዶን እህል ውስጥ ቀብረው የሚያበስሉ እናቶቻችን፣ ክፍል ዘግተው በላምባ ምድጃ ጭስ ሙዝ ሲያበስሉ የኖሩ ነጋዴዎቻችንም ስሙን አያውቁት እንደሆነ እንጂ ሥራውን አውቀውበታል። እኛ ስሙን ለፈተና እናውቃለን፤ ሙዙን ግን ከጎመኑ ላይ ደረብን።

አሁን ወደ ሙሉ ነጥባችን እንመለስ። «በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ» ብለን ነበር። ለጎመን፣ ለካሮት እውነት ነው። ሙዝ ግን ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ልጣጩ ይጠቁራል። መቅላት ገና የጀመረ ቲማቲምም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ በቅጡ ሳይበስል፣ ጣዕሙንም ሳያገኝ ይቀራል፤ ሲወጣም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለሆነም መልሳችን «የትኛውን?» የሚል ጥያቄ ያስፈልገው ነበር። ጠያቂ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን የምንመደበው ማቀዝቀዣ ቀርቶ መብራት በሌለበት ቀበሌ ነው። እዚያ ሄደን ልጆችን ሰብስበን «አትክልት በፍሪጅ ይቀመጣል» ብንል፣ ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ምን ብሎ ሊነግራት ነው? ትምህርት ቤት የሚነገረው ለቤት የማይሆን ነገር እንደሆነ ከመልመድ በቀር።

እዚህ ላይ ስለ እንስራ አንድ ነገር እንበል። በእንስራ ያደረ ውኃ እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ ሠልጣኝ የለም። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ትነት ሙቀት ይወስዳል ተብለን ተምረናል። ሁለቱን ግን አገናኝቶ የነገረን የለም፤ እኛም አላገናኘናቸውም። የሸክላው ላብ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ያገናኘ አንድ ሰው ግን ነበረ። በሰሜን ናይጄሪያ መምህር የነበረው መሐመድ ባህ አባ ሸክላ ሠሪ ከሆነ ቤተሰብ የተወለደ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ውኃ እያጠጣና አፉን በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈነ አትክልት ማቆያ አደረገው። በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው ደብርጃን በዚህ ማሰሮ 27 ቀን እንደቆየ ተመዝግቧል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ሥራው የሮሌክስ ሽልማት ተሰጠው። ከሽልማቱ ይልቅ እኛን የገረመን መምህር መሆኑ ነው።

እኛም ሞከርነው። በመጀመሪያ አልተሳካልንም፤ ይህንንም መደበቅ አንፈልግም። አንደኛችን ከቤቱ ያመጣው ትልቁ ማሰሮ ለወጥ የተሟሸ ኖሮ አላላበም። ቅባቱ ሸክላውን ደፍኖታል። አሸዋው ረጥቦ ይውላል፣ ውስጡ ግን እንደ ክፍሉ ይሞቃል። ያልተሟሸ አዲስ ማሰሮ ገዝተን ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀመጥንና ጠዋትና ማታ አሸዋውን አጠጣን። ከቤተ ሙከራ በተዋስነው ቴርሞሜትር ከሰዓት በኋላ ስንለካ ውጪው 25 ዲግሪ ሲሆን የማሰሮው ውስጥ 18 ሆነ። ያልታጠበ፣ ያልቆሰለ፣ ገና መቅላት የጀመረ ቲማቲም መርጠን ነበር ያስገባነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ስንከፍተው ሦስት ብቻ ነበሩ የተበላሹት።

ይሁን እንጂ ይህ ማሰሮ ሁሉን ይፈታል ብለን አንዋሽም። የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ ውኃ ጠጥቶ ስለሚቆይ ሸክላው ሊያልብ አይችልም። ማሰሮውም ቢሆን የአንድ ቤት ጓዳ እንጂ የአንድ ማሳ ምርት አይችልም። ሽንኩርት ደግሞ ጭራሽ ማሰሮ አይፈልግም። ሽንኩርት የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ውኃው ይቋረጥለታል፤ ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅና ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ በጥላ ይሰነብታል፤ ከዚያ ነፋስ በሚያሳልፍ ቆጥ ላይ ስስ ተደርጎ ይዘረጋል። ኪሎው እንዲከብድ እስከ መጨረሻው ቀን ውኃ የጠጣ፣ አንገቱ እርጥብ የሆነ ሽንኩርት የትም ቢቀመጥ ይበሰብሳል። ካሮትና ቀይ ሥር ቅጠላቸው ተቆርጦ ጥቂት በረጠበ አሸዋ ውስጥ በደርብ በደርብ ቢቀበሩ ይቆያሉ። ደጋ ላይ የሚመደብ ሰው ደግሞ ሌላ ሀብት አለው፤ የሌሊቱ ብርድ። የማከማቻውን መስኮት ማታ ከፍቶ ጠዋት መዝጋት ወጪ የለውም።

ድንችን ለብቻው ያስቀረነው ብዙ ስላስተማረን ነው። ብዙ ገበሬ ድንቹን ሳይቆፍር መሬት ውስጥ ያቆየዋል። ክፉ ዘዴ አይደለም፤ ግን የድንች እሳት እራት ትበላዋለች፣ መሬቱም ለሌላ አዝመራ አይለቀቅም። ለዘር የሚሆነው ድንች ደግሞ ከሚበላው ተቃራኒ ነው። ለመብላት ጨለማ፣ ለዘር ብርሃን። በጨለማ ጉድጓድ የቆየ የዘር ድንች ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ፀሐይ ቀጥታ ሳይነካው ስስ ብርሃን በሚያገኝበት፣ ግድግዳው ከተፈለጠ እንጨት በተሠራ መደርደሪያ ላይ ቢዘረጋ ግን ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲተከልም አይሰበርም። ይህን ዓይነት ማከማቻ ዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል በብዙ አገሮች ሲያስተዋውቀው ቆይቷል፤ በእኛም አገር የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሠርቶበታል። እንጨትና የሣር ክዳን ነው። አንድ የትምህርት ቤት ጓሮ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እኛ የመጣነው ፊደል ለማስተማር እንጂ ሽንኩርት ለመጠበቅ አይደለም» ይሉናል። አንድ መምህራችንም «ልጆች፣ የሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት አሁንም ሞልቶ ፈሷል፣ የት ልንጨምረው ነው?» ብለውናል። የእሳቸው ጥያቄ ከባድ ስለሆነ አስበንበታል። እኛ የምንለው አዲስ ትምህርት ይጨመር አይደለም። ትነት በአካባቢ ሳይንስ አለ፤ ማሰሮው የእሱ መርጃ ይሁን። ትንፋሽ አለ፤ የጎመን ጆንያው ይምጣ። ሒሳብ ላይ መቶኛ አለ፤ ስንት ቲማቲም ገባ፣ ስንት ተበላሸ ብለን እናሰላ። ፊደል ነው ለሚሉት ጓደኞቻችን ደግሞ፣ የእሷን ሽንኩርት ከብስባሽ ያዳነ መምህር «ልጅሽን ነገም ላኪው» ሲላት እናቲቱ የምትሰማው በሌላ ጆሮ ይመስለናል። ይህ ግምታችን ነው፤ ገና አልተመደብንም።

ከዚህ አኳያ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ከአትክልት ቦታው በስተጀርባ ያለው፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የተከመሩበት መጋዘን ይጸዳና የማቆያ መለማመጃ ይሁን፤ ወንበሮቹን እኛ እናወጣለን። የጓሮ አትክልት ተግባራችን አሁን የሚያበቃው በመሰብሰብ ነው፤ ነጥቡ የሚያዘው ከተሰበሰበ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ያህሉ እንደተረፈ ታይቶ ይሁን። ባለፈው ዓመት ከጓሯችን የወጣው ቃሪያና ጎመን የት እንደደረሰ አይተናልና። የፈተናው ጥያቄም «ጥቀስ» ከሚል ይልቅ «መብራት በሌለበት ቤት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ሣጥን ቲማቲም ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ?» ቢል እንመርጣለን። እኛ ራሳችን ያን ጊዜ እንወድቅበት ነበር።

ማሰሮው አሁንም ከዛፉ ሥር ነው። ቴርሞሜትሩን የመለስን ሲሆን የመመዝገቢያው ወረቀት ማሰሮው አጠገብ በድንጋይ ተጭኗል፤ ያለፈ ሰው ሁሉ ቀኑንና የተበላሸውን ቍጥር ሊጽፍበት ይችላል። ክረምቱ እስኪገባ እንቀጥልበታለን፤ ሐምሌ ላይ መሥራት ሲያቆምም ያንኑ እንመዘግባለን። አሸዋ የሚያመጣልን እንፈልጋለን። ማክሰኞ ዕለት ስንቈጥር ሁለት ቲማቲም ጎድሎ ነበር። እነሱ እንዳልበሰበሱ እርግጠኞች ነን።